ከሊፍቱ ግርጌ ያለው መሬት የማን ነው?

ዩታ ግዛት ውስጥ ካለችው ሶልት ሌክ ሲቲ ተነስታችሁ የፓርሊስን ሸለቆ ሽቅብ ወጥታችሁ፣ የፓርክ ሲቲን መታጠፊያ አልፋችሁ በሀይዌይ 40 ወደ ሂበር ስትወርዱ በግራ በኩል የጆርዳኔል ግድብ ውሃ ይታያል። በቀኝ በኩል ተራራ ነው። በዚያ መንገድ ሁለት የበረዶ ወቅት ሙሉ ከአየር ማረፊያ እንግዳ እየጫንኩ ተመላልሻለሁ። መጀመሪያ ሳውቀው በቀኝ በኩል የነበረው ቁጥቋጦና አፈር ነው። አሁን ክሬን ነው፣ ትልቅ ሆቴል ነው፣ ገና ያላለቀ ኮንዶ ነው፣ ከነሱ በላይ ደግሞ ተራራውን ይዞ ሽቅብ የሚሄድ የሊፍት ምሰሶ።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመዴን ይዤ በዚያ ሳልፍ «ይሄ ሁሉ ቤት ለበረዶ ተብሎ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ነገሩን እያነበብኩ ስከታተል ግን መልሴ የተገለበጠ እንደነበር ገባኝ። አብዛኛውን ጊዜ በረዶውም፣ ሊፍቱም፣ አዲሱ የመንሸራተቻ መስመርም ለቤቱ ተብሎ ነው የሚመጣው።

ሊፍት ስል የሕንፃ አሳንሰር ማለቴ አይደለም። በብረት ገመድ ላይ ወንበር ወይም ሳጥን ተንጠልጥሎ ሰውን ወደ ተራራው አናት የሚያወጣውን ነው። ሳጥን ያለውን ጎንዶላ ይሉታል። ዓመቶቹንና ወሮቹን ደግሞ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የመጀመሪያው የወንበር ሊፍት ታሪክ ራሱ ብዙ ይናገራል። የተተከለው በ1936 አይዳሆ ውስጥ ሰን ቫሊ በሚባል ቦታ ነው። ቦታውን ያለማው የባቡር ኩባንያ ነበር፣ ዩኒየን ፓሲፊክ። በዊንተር ባቡሩ ባዶውን እየሄደ ስላስቸገረው ሰው የሚሳፈርበት ምክንያት መፍጠር ፈለገ። የኩባንያው መሐንዲስ ጄምስ ከራን ከዚያ በፊት ሙዝ ወደ መርከብ የሚጭን የገመድ ማመላለሻ ያውቅ ነበርና የሙዙን መንጠቆ በወንበር ተካው። እንግዲህ ሊፍት ገና ሲወለድ የባቡር ትኬት ለመሸጥ ነው የተወለደው። ዛሬ የሚሸጠው ዕቃ ተለወጠ እንጂ አሠራሩ ያው ነው።

ዛሬ የሚሸጠው ቤት ነው። ለምን ቤት?

የስኪ፣ ማለትም በረዶ ላይ የመንሸራተት፣ ንግድ ከባድ ንግድ ነው። በረዶ ካልጣለ ገቢ የለም። ሊፍቱ፣ ሠራተኛው፣ ኢንሹራንሱ ግን ይቀጥላል። በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ከ700 በላይ የስኪ ቦታዎች ነበሩ፣ አሁን ከ500 በታች ናቸው። ትናንሾቹ እየተዘጉ ትልልቆቹ የበለጠ ተለቁ። በ2008 ቬይል ሪዞርትስ የሚባለው ኩባንያ ኢፒክ ፓስ የሚል ዓመታዊ ትኬት በ579 ዶላር አወጣ። ደንበኛው ገና በረዶ ሳይጥል ከፍሎ ይጨርሳል፣ ኩባንያው የአየር ጠባይ ስጋቱን ወደ ደንበኛው ያሻግራል። ጎበዝ ሐሳብ ነው፣ አልክድም። ዓመታዊውን ያልገዛ ሰው ግን ዛሬ በፓርክ ሲቲ በዋናው ወቅት ለአንድ ቀን ከ300 ዶላር በላይ ይከፍላል። ለአንድ ቀን!

እንዲያም ሆኖ የትኬት ገንዘብ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። አዲስ ሊፍት ብዙ ሚሊዮን ዶላር ይፈጃል። ዘመናዊው ዓይነት ጣቢያው ላይ ሲደርስ ወንበሩ ከገመዱ ይላቀቅና ቀስ ይላል፣ ሰው ተረጋግቶ ይቀመጣል፣ ከዚያ እንደገና ገመዱን ይዞ በሰከንድ 5 ሜትር ገደማ ይሮጣል። የድሮው ከዚያ ግማሽ ፍጥነት ነው ያለው። ይሄ ሁሉ ማሽን በትኬት ብቻ ወጪውን እስኪመልስ ብዙ ዓመት ይወስዳል።

ቤት ላይ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። ለምሳሌ ያህል ቁጥር ላስቀምጥ፣ የማንም ትክክለኛ ሒሳብ አይደለም። ሊፍቱ 12 ሚሊዮን ፈጀ እንበል። ከሥሩ 60 የቤት ቦታ አለ። ሊፍቱ በመምጣቱ ብቻ የእያንዳንዱ ቦታ ዋጋ በግማሽ ሚሊዮን ዶላር ቢጨምር 30 ሚሊዮን መጣ ማለት ነው። ገና አንድ ሰው እንኳን ሳይንሸራተት። ከበሩ ላይ ስኪውን አስሮ ወጥቶ፣ ውሎ፣ ማታ በስኪው እስከ በሩ የሚመለስበት ቤት ከሩቅ በመኪና ከሚመጣበት ቤት ጋር ዋጋው አይገናኝም።

ነገሩ የሚወሳሰበው ሊፍቱን የሚተክለውና ከሥር ያለውን መሬት የያዘው የተለያዩ ሰዎች ሲሆኑ ነው። ያኔ ወጪው የአንዱ፣ ትርፉ የሌላው ይሆናል። ስለዚህ አንድ ሪዞርት «የተራራ ማሻሻያ» ብሎ መግለጫ ሲያወጣ እኔ መጀመሪያ የማየው የሊፍቱን ፍጥነት አይደለም። ከሊፍቱ ግርጌ ያለው መሬት የማን እንደሆነ ነው።

አሜሪካ ምዕራብ ውስጥ ብዙዎቹ ትልልቅ የስኪ ተራሮች የፌዴራል መንግሥት የደን መሬት ላይ ናቸው። ኩባንያው ፈቃድ አግኝቶ ይሠራል እንጂ ተራራውን ሸንሽኖ ለቤት መሸጥ አይችልም። ከሶልት ሌክ አጠገብ ያሉት አልታና ብራይተን በአብዛኛው እንዲህ ናቸው። የፓርክ ሲቲ አካባቢ ግን ይለያል። እዚያ ድሮ የብር ማዕድን ነበር፣ ማዕድን ቆፋሪዎቹ ደግሞ መሬቱን በግል ይዘውታል። ብሩ ዋጋ ሲያጣ የማዕድን ኩባንያው ከተማው እንዳይሞት ብሎ በ1963 ከመንግሥት ብድር ወስዶ የስኪ ቦታ ከፈተ። ተንሸራታቾችን በማዕድኑ ባቡር በመሬት ውስጥ ወስዶ፣ በጉድጓዱ ማንሻ ሽቅብ ተራራው ላይ ያወጣቸው ነበር! እኔ ይሄን ሳነብ ብቻዬን ፈገግ አልኩ። ዛሬ ዩታ ውስጥ በሚሊዮን የሚሸጡት ብዙዎቹ የተራራ ቤቶች መነሻቸው ያ የብር ቆፋሪዎች ካርታ ነው።

ያ ካርታ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የሚያሳይ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። የፓርክ ሲቲን የስኪ ቦታ ለዓመታት ያስተዳድር የነበረው ፓውደር የሚባል ኩባንያ ነው። ከላይ ያለው ተራራ ግን የእሱ አልነበረም፣ በሊዝ ነበር የያዘው። ሊዙ የ1970ዎቹ መጀመሪያ ውል ስለነበር ለዚያ ሁሉ ተራራ በዓመት የሚከፍለው 155 ሺህ ዶላር ገደማ ብቻ ነበር። ዛሬ አንድ ጋራዥ እንኳን አይገዛም። በ2011 የሚያዝያ መጨረሻ ማራዘሚያውን በጽሑፍ ማሳወቅ ነበረበት። ደብዳቤው ቀነ ገደቡ ካለፈ በኋላ ደረሰ። በቀናት! የመሬቱ ባለቤት ታሊስከር አጋጣሚውን አላለፈውም። «ውሉ አልቋል» አለ። ክርክሩ ፍርድ ቤት ሄደ፣ በ2014 ፍርድ ቤቱ ለመሬቱ ባለቤት ፈረደ።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። ተራራው የታሊስከር ሆነ፣ ግርጌው፣ ማለትም ሕንፃዎቹና የመኪና ማቆሚያው ግን የፓውደር ነበር። ከላይ ያለው ያለ ታችኛው መግቢያ የለውም። ታች ያለው ያለ ላይኛው አስፋልት ብቻ ነው። በመሐል ከታሊስከር ጋር ቀድሞ የተዋዋለው ቬይል ሪዞርትስ ገባና ግርጌውን በ182.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በቀጣዩ ዓመት ከጎኑ ካለው ካንየንስ ከሚባል የስኪ ቦታ ጋር በጎንዶላ አገናኝቶ አሜሪካ ውስጥ ካሉት ትልልቅ የስኪ ሪዞርቶች አንዱ አደረገው፣ 7,300 ኤከር፣ ወደ 3 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ። አንድ የዘገየ ደብዳቤ የአንድን ከተማ ዕጣ እንዲህ ለወጠ።

አሁን ወደ ሀይዌይ 40 ልመለስ። ዘመዴ ያየው ክሬን የዲር ቫሊ መስፋፊያ ነው። ዲር ቫሊ በ1981 ሲከፈት ጀምሮ ለሀብታም የተሠራ ቦታ ነው። ስኖውቦርድ፣ ማለትም ሁለት እግር በአንድ ሰሌዳ ላይ የሚቆምበትን መንሸራተቻ፣ አያስገባም፣ አሜሪካ ውስጥ እንዲህ የሚከለክሉት ሦስት ብቻ ናቸው። አሁን አልቴራ የሚባል ኩባንያ ነው የያዘው። ከተራራው በስተምሥራቅ ያለውን መሬት የያዘው ግን ኤክስቴል ነው፣ የጋሪ ባርኔት ኩባንያ። ኤክስቴል ማለት ኒውዮርክ ውስጥ ሴንትራል ፓርክ ታወርን፣ 472 ሜትር የሚረዝመውን የመኖሪያ ሕንፃ፣ ያቆመው ነው። ስኪ ሥራው አልነበረም። ሥራው ሰማይ ጠቀስ ኮንዶ መሸጥ ነው።

መጀመሪያ ኤክስቴል ሜይፍላወር የሚል የራሱን ሪዞርት ሊከፍት ነበር። በኋላ ነሐሴ 2023 ላይ ከዲር ቫሊ ጋር ተስማሙ። ዲር ቫሊ ተራራውን ያስተዳድራል፣ ኤክስቴል ግርጌውን ያለማል። የዲር ቫሊ ስፋት ከ2,026 ኤከር ወደ 5,726 ኤከር እንዲያድግ ታቀደ፣ ማለትም ከ820 ወደ 2,300 ሄክታር ገደማ፣ ከ16 አዳዲስ ሊፍቶች ጋር። ሁለቱም የሚፈልጉትን አገኙ። ኤክስቴል «ዲር ቫሊ» የሚለውን ስም አገኘ፣ ይህ ስም ብቻውን የቤት ዋጋ ነው። ዲር ቫሊ ደግሞ ራሱ በደህናው ዘመን ሊገዛው የማይችለውን ያህል ተራራ አገኘ። የመጀመሪያዎቹ መስመሮች በ2024-25 ተከፈቱ፣ ሌሎቹ ከዚያ ቀጠሉ።

እስከዚህ ድረስ የሁለት ነጋዴዎች ጉዳይ ነው፣ ይመቻቸው። እኔን አልዋጥ ያለኝ ሦስተኛው አካል ነው።

በ2007 የዩታ ምክር ቤት የወታደራዊ ተቋማት ልማት ባለሥልጣን የሚባል አቋቋመ፣ በአጭሩ ሚዳ ይሉታል። ሥራው ከስሙ እንደሚገባችሁ ከጦር ሠራዊቱ ጋር የተያያዘ ልማት ነው። ይህ አካል የኤክስቴልን መሬት በልማት ክልሉ ውስጥ አስገባው። ምክንያቱ ለወታደሮችና ለቤተሰቦቻቸው የእረፍት ማረፊያ ነው። ግራንድ ሀያት ዲር ቫሊ በ2024 መጨረሻ ሲከፈት 436 ክፍል ነበረው፣ ከዚያ ውስጥ 100 ክፍል ለወታደር በቅናሽ ተመደበ። እነዚህ 100 ክፍሎች ጥሩ ነገር ናቸው። የሚገባቸው ሰዎች ናቸው።

ነገር ግን ከመቶው ክፍል ጀርባ ያለውን አሠራር እዩት። በእንዲህ ዓይነት ክልል ውስጥ ባዶው መሬት ቤትና ሆቴል ሲሆን የንብረት ግብሩ በጣም ያድጋል። አገር ቤት ጣራና ግድግዳ የምንለው ዓይነት ማለት ነው፣ እዚህ ግን መጠኑ ከባድ ነው። የጨመረው ግብር ትልቅ ድርሻ እንደወትሮው ወደ ካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) እና ወደ ትምህርት ቤቱ አይሄድም። ለብዙ ዓመት ወደ ባለሥልጣኑ ይመለስና የልማቱን መንገድ፣ ውሃና ፍሳሽ ይከፍላል። የሚደግፉት ሰዎች «ያለ ልማቱ ያ ግብር አይኖርም ነበር፣ ታዲያ ምን ቀረባችሁ?» ይላሉ። ክርክሩ ባዶ አይደለም። እኔ ግን የማልስማማበት ቦታ አለኝ። ከኒውዮርክ የመጣ፣ በዓለም ረጅሙን የመኖሪያ ፎቅ የሠራ አልሚ ያለ ሕዝብ ገንዘብ መንገዱን መሥራት አይችልም ነበር? መሬቱ የግሉ፣ የሚሸጠውም በሚሊዮኖች ነው። በመንገዱ ላይ ትራፊኩን የምንካፈለው ግን ሁላችንም ነን።

ካውንቲዎች ለምን እንዲህ ዓይነት ልማት እንደሚወዱ ደግሞ አንድ ቁጥር ይነግራችኋል። ዩታ ውስጥ ሰው የሚኖርበት ዋና ቤት ግብር የሚከፍለው በዋጋው 55 በመቶ ላይ ነው። ለእረፍት ብቻ የሚመጡበት ሁለተኛ ቤት ግን በሙሉ ዋጋው ይከፍላል። ባለቤቱ በዓመት ጥቂት ሳምንት ይመጣል። ልጁ እዚያ ትምህርት ቤት አይማርም። ድምፅ አይሰጥም፣ ስብሰባ አይመጣም። ለበጀት ባለሙያ ከዚህ የተሻለ ነዋሪ የለም። ለከተማ ግን ሌላ ነገር ነው። በፓርክ ሲቲ ከግማሽ በላይ የሆነው ቤት ዓመቱን ሙሉ ሰው አይኖርበትም። ማታ እንግዳ አድርሼ ስመለስ መንገዱ ግራና ቀኝ ጨለማ የሆነባቸው ሰፈሮች አሉ፣ በታኅሣሥ ወር፣ በዋናው ወቅት።

ስለ በረዶውም እዚሁ ላንሳ። ኢስት ቪሌጅ የሚሉት የዲር ቫሊ አዲሱ መስፋፊያ ግርጌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው፣ ለዩታ ስኪ ዝቅ ያለ ቦታ ነው። ፊቱም ወደ ፀሐይ መውጫ ነው። ላይ ላይ በረዶ ቢኖርም ታች አይበቃም። ቤት ለመሸጥ ግን በረዶው በታኅሣሥ የቤቱ በር ድረስ መድረስ አለበት። ስለዚህ ቧንቧና በረዶ የሚረጭ ማሽን ይዘረጋል። አብዛኛው ውሃ በፀደይ ቀልጦ ወደ ወንዙ ይመለሳል፣ እውነት ነው። ግን ኅዳር 2022 ላይ ታላቁ የጨው ሐይቅ ከተለካ ወዲህ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። የውሃ ነገር በዚህ ግዛት ቀልድ አይደለም።

አሁን ደግሞ ሕዝቡ እምቢ ያለበትን እንይ። በ2022 ቬይል በፓርክ ሲቲ ሁለት ሊፍት ሊቀይር ነበር፣ አንዱ ስድስት ሰው፣ አንዱ ስምንት ሰው የሚይዝ። የከተማው ባለሙያዎች ፈቀዱ። አራት ነዋሪዎች ይግባኝ አሉ። ክርክራቸው ቀላል ነው፦ ሊፍቱ ሰው ይጨምራል፣ የመኪና ማቆሚያው ግን አልጨመረም። የከተማው የዕቅድ ኮሚሽን በሰኔ ወር ነዋሪዎቹን ደገፈ። የተሠሩት ሊፍቶች ወደ ካናዳ ተጭነው ዊስለር የሚባል የስኪ ቦታ ላይ ተተከሉ።

ብዙ ስኪ ወዳጅ በዚህ ተናዷል። «ሰልፉን የሚያሳጥር ሊፍት እምቢ የሚል ሰው ምን ዓይነት ነው?» አሉ። ይገባኛል። ወረፋው እውነት ነው። ግን ነዋሪዎቹ ያነሱት ጥያቄ ከሊፍት በላይ ነበር። በግርጌው ያለው ሰፊ የመኪና ማቆሚያ ለዓመታት የሆቴልና የኮንዶ ዕቅድ ሲንከባለልበት የቆየ መሬት ነው። ማቆሚያው ላይ ቤት ይሠራ፣ ሊፍቱም ይለቅ ስትል መኪናው የት ይሂድ? ሰፈር ውስጥ፣ በሰው ደጅ። እኔ በበኩሌ አራቱ ሰዎች ልክ ነበሩ እላለሁ። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ያንን መንገድ የሚያውቅ ሹፌር ሌላ ነገር ሊል አይችልም።

ሰሜን ስትሄዱ፣ ከኦግደን በላይ፣ ሦስተኛ ዓይነት ነገር አለ። ፓውደር ማውንቴን ይባላል፣ ስሙ ቢመሳሰልም ከላይ ካነሳሁት ኩባንያ ጋር አይገናኝም። በ1972 አልቪን ኮባቤ የሚባሉ ሐኪም በቤተሰባቸው የበግ ግጦሽ መሬት ላይ ከፈቱት። ሰፊ ነው፣ ከ8,400 ኤከር በላይ እንዳለው ይናገራል። ለብዙ ዓመት ጸጥ ያለ፣ ርካሽ፣ የአካባቢው ሰው ቦታ ነበር። በ2013 ወጣት ነጋዴዎች በ40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዙትና በተራራው አናት ላይ ወደ 500 ቤት አቀዱ። ሕልሙ እንዳሰቡት አልሮጠም። በ2023 የኔትፍሊክስ ተባባሪ መሥራች ሪድ ሄስቲንግስ ትልቁን ድርሻ ይዞ ገባ።

ሄስቲንግስ ግልጽ ነው፣ ይሄን አከብርለታለሁ። ሪዞርቱ ገንዘብ እያጣ መሆኑንና በቤት ሽያጭ ማዳን እንደሚፈልግ አልደበቀም። ከ2024-25 ጀምሮ የተራራው የተወሰነ ክፍል ለቤት ባለቤቶች ብቻ ሆነ። ሜሪስ የሚባለው ሊፍትና ቪሌጅ ሊፍት ቀድሞ ትኬት የያዘ ሁሉ ይወጣባቸው ነበር፣ አሁን ቤት ያልገዛ አይወጣባቸውም። በአንጻሩ ለሕዝቡ በቀረው ክፍል ላይ አዳዲስ ሊፍቶች ተተከሉ፣ ላይትኒንግ ሪጅ አዲስ ነው፣ ፓራዳይስና ቲምበርላይን ታድሰዋል። ማለትም የሀብታሙ ቤት ለድሃው ሊፍት ከፈለ ነው ነገሩ።

ይሄን ነገር ብዙ አሰብኩበት። ተራራው ተዘግቶ ከሚቀር ግማሹ ተሸጦ ግማሹ ቢድን አይሻልም? ሊሻል ይችላል። ግን አንድ የማልረሳው ነገር አለ። ቤት የመሸጥ ፍላጎቱ ሲጨምር አጥሩ ወደየት ይሄዳል? ለሕዝብ የቀረው ክፍል እስከ መቼ እንደሚቆይ የሚወስነው ባለቤቱ ነው። መሬቱ የግል ስለሆነ ማንም አይከለክለውም። በፌዴራል ደን ላይ ቢሆን ኖሮ ሜሪስ ሊፍትን ለቤት ገዢ ብቻ ማድረግ አይቻልም ነበር።

ቤት ሽያጭ ተራራን ያድናል የሚለው ደግሞ ቤቱ እስከተሸጠ ድረስ ነው። አይዳሆ ውስጥ ታማራክ የሚባል ሪዞርት በ2004 ተከፈተ። ቦታ ለመግዛት ሰው ተሻማ፣ በመጀመሪያው ሽያጭ በአንድ ቀን በአስር ሚሊዮኖች ዶላር ተሸጠ። ፕሬዝዳንት ጆርጅ ቡሽ ሳይቀር በ2005 እረፍት ወጥተውበታል። ከዚያ ክሬዲት ስዊስ ከሚባል ባንክ 250 ሚሊዮን ዶላር ተበደሩ። በ2008 የቤት ገበያው ወደቀ። የመንደሩ ሕንፃዎች ግድግዳቸው በላስቲክ እንደተጠቀለለ ለዓመታት ቆሙ። በ2012 ደግሞ ባንክ መጥቶ አንዱን ሊፍት ነቅሎ ወሰደ። ቤት የገዙት ሰዎች በላባቸው ቁመው ነው ሪዞርቱን ከሞት ያተረፉት፣ አዲስ ባለቤት እስኪመጣ 2018 ድረስ።

ሞንታና ውስጥ ያለው የሎውስቶን ክለብ፣ ትልልቅ ሀብታሞች የሚንሸራተቱበት የግል ተራራ፣ በዚያው 2008 ኪሳራ አወጀ። እሱም ከክሬዲት ስዊስ 375 ሚሊዮን ተበድሮ ነበር፣ ከዚያ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወደ መሥራቹ ሌላ ጉዳይ ሄዷል። በቀጣዩ ዓመት በ115 ሚሊዮን ተሸጠ። ዛሬ ክለቡ ሞልቶ ይውላል፣ ስለዚህ «አይ፣ ሁሉም ይከስራል» ማለቴ አይደለም። ማለቴ፣ ሊፍት በቤት ብድር ላይ ሲተከል የቤት ገበያው ሲያስነጥሰው ሊፍቱ ጉንፋን ይይዘዋል።

የቀረኝ የሠራተኛው ነገር ነው፣ ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው።

ታኅሣሥ 27 ቀን 2024፣ በገና ሳምንት፣ የፓርክ ሲቲ የበረዶ ጠባቂዎች ሥራ አቆሙ። ወደ 200 ሰው ናቸው። የበረዶ ናዳ በፈንጂ የሚያስወርዱ፣ እግሩ የተሰበረውን በቃሬዛ የሚያወርዱ ሰዎች ናቸው። መነሻ ደመወዛቸው በሰዓት 21 ዶላር ነበር፣ 23 ጠየቁ። ሁለት ዶላር! ለ13 ቀን ተራራው ተሽመደመደ፣ ብዙው መስመር ተዘጋ፣ ሰው በሰልፍ ተንገላታ። ጥር 8 ቀን 2025 ተስማሙ፣ ሁለት ዶላሯን አገኙ። በዚያ ሳምንት ከጫንኳቸው እንግዶች አንዱ በጣም ተናዶ ነበር፣ ለእረፍቱ ብዙ ከፍሏል፣ አልፈርድበትም። ግን 23 ዶላር በሰዓት ይዘህ ያ ከተማ ውስጥ አንድ ክፍል መከራየት ከባድ ነው። ስለዚህ አብዛኛው የፓርክ ሲቲ ሠራተኛ ከሂበር፣ ከካማስ፣ ከሶልት ሌክ ነው የሚመጣው። ጠዋት በጨለማ ሽቅብ፣ ማታ በጨለማ ቁልቁል። መንገዱ ሲበርድና ሲያዳልጥ እኔም አብሬያቸው ነኝ።

አልሚዎቹ ይሄን አያውቁም ማለት አይቻልም። ውላቸው ውስጥ ይጽፉታል። ካንየንስ የሚለማበት ስምምነት በ1999 ሲፈረም የሠራተኛ መኖሪያ ግዴታ ነበረበት። ከዚያ በኋላ ሆቴሎቹ ተሠሩ፣ ኮንዶዎቹ ተሸጡ፣ ሊፍቶች በየበጋው ተተከሉ፣ ሪዞርቱ እጅ ለእጅ ተላለፈ። ስሎፕሳይድ ቪሌጅ የሚባለው የሠራተኛ መኖሪያ፣ ከአንድ ሺህ በላይ አልጋ ያለው፣ በሩን ከፍቶ ሰው ያስገባው ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

በሀይዌይ 40 በኩል ያለው የኢስት ቪሌጅ ዕቅድም የሠራተኛ ቤት አለበት። የ2034 የክረምት ኦሎምፒክ ለሶልት ሌክ ተሰጥቷል፣ ስለዚህ ያ መንገድ ከአሁኑ ይልቅ ገና ይጨናነቃል። ስንት ሊፍት እንደተተከለ የሪዞርቱ መግለጫ ይነግረናል፣ መቁጠር አያስፈልገኝም። እኔ እንግዳ ይዤ በዚያ ሳልፍ የማየው ያንን የሠራተኛ ሕንፃ ነው፣ ስንተኛው ፎቅ እንደደረሰ።